ጠብታ የማያፈስ ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ጋሸና፣ ጎረቤቴ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተከለችው ችግኝ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖባት «እይልኝ» ብላ ጠራችኝ። የጭነት መኪኖች የሚያነሱት አቧራ ደጃፋችን ላይ ያለውን ሁሉ ግራጫ ስለሚያደርገው መጀመሪያ ቅጠሉን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። የላይኛው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ጧት ማታ አጠጣዋለሁ፤ ይሄ ግን አይጠግብም» አለችኝ። ቀጭን እንጨት ፈልጌ ከግንዱ ራቅ አድርጌ እስከ ታች ሰካሁት። ሳወጣው ሽታው አፍንጫዬን መታው። ተከድኖ የከረመ ውሃ፣ የበሰበሰ ጭቃ ሽታ። ጎረቤቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን እንጨቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ያ ሽታ ለእኔ የላሊበላ ሽታ ነው፤ የእትዬ አልጋነሽ ግቢ፣ መንገድ ተዘግቶ ስልክ የጠፋበት ያ በጋ ነው።

እኔ የፍላቂት ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ደብተሬን ለታናሼ ትቼ ወደ ላሊበላ ስመጣ በእግሬ የኮንጎ ጫማ፣ በላዬ ላይ የአጎቴ የነበረ አረንጓዴ ሹራብ ነበረኝ። የሹራቡን እጅጌ አልጠቀልለውም ነበር፤ ሰው ሲያናግረኝ እጄን የምደብቀው እዚያ ውስጥ ነው። ዕድሜዬ ዛሬም ያን ያህል አልገፋም፤ ያን ጊዜ ግን ሳስበው የሌላ ሰው ልጅነት ይመስለኛል። የተቀጠርኩት እትዬ አልጋነሽ ዘንድ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በዳገቱ ላይ ያለውን ግቢያቸውን በክፍል በክፍል ለቱሪስት የሚያከራዩ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣ ቶሎ የሚሄድ ሴት ናቸው። እኔ ክፍል አጸዳለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ግቢውን አጠጣለሁ።

ያኔ ላሊበላ ሰው ይበዛባት ነበር። ከዳገታችን ሥር መታጠፊያው ላይ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጫንበት ጠባብ ሱቅ ነበር፤ ካርድ ሙሉ ዘፈን ከአንድ ሳህን ሽሮ ያነሰ ዋጋ ነበረው። ሱቁ በር ላይ አስጎብኚዎቹ ሰፋፊ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የጸሐይ መነጽራቸውን አናታቸው ላይ ሰቅለው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣውን መኪና ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጡት ገበያተኞች አህዮቻቸውን እየነዱ በመካከላቸው ያልፋሉ፤ ዘፈኑ፣ የአህያው ኮቴና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አንድ ላይ ይሰማል። ከዘፈን ሱቁ ቀጥሎ የእትዬ ዘይነባ ሱቅ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከቆላው የመጡ፣ ጨውና ቅመም የሚሸጡ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሳይነኩ የማያሳልፉ ሴት ናቸው። እኔን ጨው ልገዛ በሄድኩ ቁጥር፣ «ይቺ ልጅ ምላሷን ፍላቂት ረስታው መጥታለች፤ ወደዚያ የሚሄድ ሚኒባስ ካገኘሁ አስመጣላታለሁ» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ እጄን እጅጌዬ ውስጥ እከታለሁ።

ዛፉን ያመጣው የእትዬ አልጋነሽ አንድ ልጅ ሀብታሙ ነው። አስጎብኚ ነበር። ከወልድያ በሚኒባስ ሲመጣ አፈሩ በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለውን የጃካራንዳ ችግኝ እንደ ሕፃን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው። «ሲያብብ ግቢው ሐምራዊ ምንጣፍ ይሆናል፤ እንግዳው ከክፍሉ ሲወጣ አበባ ይረግጣል» አለን። እናቱ፣ «የት አፈር አለንና?» አሉት። እውነታቸውን ነው። የግቢያችን አፈር አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ከዚያ በታች ያው ቀዩ ድንጋይ ነው። ሀብታሙም አያ ሞላን ጠራ።

አያ ሞላ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። የተሰነጠቀ ግንብ፣ የተፈነቀለ ደረጃ፣ የተበላ መድረክ ሁሉ ወደ እርሳቸው ነው የሚላከው። ጉድጓዱን ሲፈለፍሉ ብዙ ቀን ቆዩበት። ግድግዳውን በመሮ አስተካክለው፣ በእጃቸው መዳፍ እየዳሰሱ እንደ ገንዳ አለሰለሱት። ድንጋዩ ስንጥቅ ባሳየበት ቦታ ሁሉ በሲሚንቶ ደፈኑት። ሲጨርሱ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሰው ሁላችንንም አስጠሩንና በማግስቱ መልሰው አሳዩን። ውሃው ካፈሰሱበት ልክ ዝቅ አላለም። «ጠብታ አያፈስም» አሉ፣ ፂማቸውን እየዳበሱ። ሰው ሁሉ አደነቀ። ላሊበላ ውስጥ ይህን የማያደንቅ የለም። ቧንቧ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው፤ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ይውላል፤ አንሶላ ያጠብኩበትን ውሃ ደረጃ አጥብበት ነበር። ውሃ የማያባክን ጉድጓድ ማለት የብልህ ሰው ሥራ ነው። ከሸለቆ በጆንያ አፈር ተሸክመን ሞላነው፣ ሀብታሙ ችግኙን ተከለ። ሥሩ ገና ታች ስላልደረሰ ዛፉ ያን ክረምትም የሚቀጥለውንም በጋ በደህና ከረመ፤ ከእኔ ትከሻ አለፈ።

ከዚያ ሀብታሙ ወደ ደቡብ የሚሄዱ እንግዶች ይዞ ወጣ። የወጣ ቀን ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ቆሞ፣ «ደብሬ፣ ዛፌን አደራ። ውሃ እንዳይጠማብኝ» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፤ መብራትም ስልክም ጠፋ። የዘፈኑ ሱቅ ዝም አለ፤ አስጎብኚዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማገዶ ለቀማ ወጡ። ሀብታሙ በመመለሻው መንገድ ላይ ይሁን፣ እዚያው ቀርቶ ይሁን፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ የሚነግረን አልነበረም።

እትዬ አልጋነሽ አላለቀሱም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ስለዚህ እንባቸው ቢመጣ እንኳ ጭስ ገባብኝ ይሉ ነበር፣ እሳት ባልነደደበት ሰዓት። ያን ሁሉ ጭንቀት የት ያድርጉት? ዛፉ ላይ አደረጉት። ጧት ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ዛፉን ያዩታል። አዲስ ቅጠል ካወጣ ያን ቀን ይበላሉ። አንድ ቀን ለእትዬ ዘይነባ፣ «እሱ እስካለ ልጄ አለ» ሲሉ ሰማሁ። እትዬ ዘይነባ ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለዱም።

ወሬው በሰፈሩ ተሰማ። በእኛ አገር ልጇ የጠፋባት ሴት ዘንድ ባዶ እጅ አይሄድም። ግን በዚያ ዘመን ማን ምን አለው? ዱቄት የለ፣ ስኳር የለ። ሴቶቹ ያላቸውን አመጡ፤ ውሃ አመጡ። ከወራጁ ወንዝ ድረስ ወርደው የቀዱትን፣ ወረፋ ጠብቀው ያገኙትን፣ ከልጆቻቸው አፍ የቀነሱትን ውሃ በጣሳ፣ በጆግ፣ በትንሽ ጀሪካን እየያዙ መጥተው ዛፉ ሥር ያፈሳሉ። «እግዜር በሰላም ያምጣልሽ» ይላሉ። እትዬ ዘይነባም ሱቃቸውን ዘግተው ሲመጡ «ዱዓችን ነው» እያሉ ያፈሳሉ። ጠበል ያመጡም ነበሩ። እትዬ አልጋነሽ እያንዳንዷን «ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ፊታቸው ትንሽ ይፈታል። እኔም በበኩሌ አደራዬን አጠጣለሁ።

ዛፉ ቢጫ መሆን የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል፣ ቀጥሎ የመካከሉ። እትዬ አልጋነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «አጠጥተሽዋል?» «አዎ እትዬ።» «አፈሩን አታይውም? ተሰንጥቋል።» አፈሩ እውነትም ተሰንጥቋል፤ የበጋ ጸሐይና ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ነፋስ ላዩን እንደ ቅርፊት አድርቀውታል። ጨምሬ አጠጣሁ። ሴቶቹም ቢጫውን አይተው ጨመሩ። ቅጠሉ ባሰበት። ከዚያ በኋላ እትዬ አልጋነሽ መጠየቅ አቆሙ፤ ባልዲ ይዤ ስወጣ ቆመው ያዩኛል፤ ውሃውን ሌላ ቦታ እንዳላደርገው ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ባልዲውን አስቀምጬ እጄን እጅጌዬ ውስጥ እከታለሁ፤ እንዲህ ሳደርግ ጥፋተኛ እመስላለሁ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ለእኔ እንዲሰማኝ አድርጋ፣ «ዝምተኛ ሰው ሆዱ አይታወቅም» አለች። እትዬ አልጋነሽ አልመለሱላትም። አለመመለሳቸው ከንግግሯ ይልቅ ጎዳኝ።

ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። የተጠማ ተክል አውቃለሁ። የተጠማ ተክል ቀን ይጠወልግና ጧት በቀዝቃዛው አየር ቀና ይላል፤ ቅጠሉ ከጫፉ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ሲያሹት ይፈረፈራል። የእኛ ዛፍ ጧትም እንደ ማታው አንገቱን እንደደፋ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ነው እንጂ ደረቅ አይደለም፤ በጣቴ ሳሸው እርጥብ ጨርቅ ይመስላል። ጃካራንዳ በበጋ ቅጠሉን ማራገፉ ያለ ነው ያሉም ነበሩ። ግን የሚያራግፍ ዛፍ ያረጀውን ይጥላል፤ ይሄ ገና የተወለደችውን ጫፍ ጭምር አጠውልጎ ነበር። ይህን ቢጫ የት እንዳየሁት ለማስታወስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ቅጠሉን ትቼ ቀለሙን ብቻ ሳስብ ነው የመጣልኝ። የአባቴ ገብስ ነው። ፍላቂት፣ ከቤታችን በታች ባለው ረባዳ፣ ክረምት ሲበረታ ገብሱ ውሃ ይተኛበትና እንዲህ ነው የሚሆነው። አባቴ ያን ጊዜ ማሳው መሐል ገብቶ በዶማ ፈሰስ፣ የውሃ መሄጃ ቦይ፣ ያወጣል፤ ውሃው ሲሄድ ገብሱ ይተርፋል። ካልሄደ ግን ሥሩ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መካከል ቆሞ መጠጣት አይችልም።

እትዬ አልጋነሽ ቤተ ክርስቲያን የሄዱበትን ሰዓት ጠበቅኩ። ከግንብ ሥራ የተረፈ ፌሮ ነበረን። ከግንዱ ራቅ አድርጌ ሰካሁት። ላዩ ቅርፊት ነው፤ ቀጥሎ ያለው የቂጣ ሊጥ ነው፤ ከዚያ በታች ፌሮው ያለ ጉልበት፣ በራሱ ክብደት ወረደ። ሳወጣው ጫፉ ጥቁር ጭቃ ለብሷል። ያ ሽታ ያኔ ነው መጀመሪያ ያሸተትኩት። ቀዳዳው ላይ ጆሮዬን ሳደርግ ውሃ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ፌሮውን በቅጠል ጠርጌ ወደ ቦታው መለስኩትና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አሁን አውቄዋለሁ። ግን ለማን፣ በምን አፌ? ልጇ የጠፋባት እናት ፊት ቆሜ ውሃ አታፍሱ ልበል? ሴቶቹ የሚያፈሱት ውሃ እኮ ጸሎታቸው ነው። ክፍል እየጠረግኩ ለመጥረጊያው ስነግረው ዋልኩ፤ «እትዬ፣ ዛፉ ውሃ በዝቶበት ነው»፤ ሰው ሲመጣ ይጠፋብኛል። በዚያ መካከል ደግሞ በየቀኑ ውሃ ይጨመራል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ትንሿን ጀሪካናቸውን ይዘው ገቡ። እትዬ አልጋነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እትዬ ዘይነባ «ቢስሚላሂ» ብለው ጀሪካኑን ሲያዘነብሉት እጄ ከእጅጌው ወጥቶ አፉን ያዘው። ውሃው በጣቶቼ መሐል ኮንጎ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ይብቃው» አልኩ።

እትዬ አልጋነሽ ተነሱ። «ምን አልሽ?»

«ይብቃው እትዬ። ውሃ በዝቶበት ነው የታመመው። ታች ተኝቶበታል።»

«ይህ ስንጥቅ መሬት ነው ውሃ የበዛበት?»

«ላዩ ነው የደረቀው። ታቹን ይዩልኝ።» ፌሮውን አምጥቼ ሰካሁት፤ አውጥቼም ጫፉን አሳየኋቸው።

እትዬ አልጋነሽ ጭቃውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ድምፃቸው አልጮኸም። «ልጄ የሚጠጣው ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ዛፉን ደግሞ እደጄ ላይ ላስጠማልሽ?»

እትዬ ዘይነባ የፌሮውን ጫፍ ይዘው አሸተቱትና ፊታቸውን አጨማደዱ። «አልጋነሽ፣ ይሄ የውሃ ሽታ አይደለም፣ የሬሳ ነው። ልጅቱ ደግሞ ዘንድሮ ምላሷን ካስመጣች ለከንቱ አይሆንም። ሞላ ይጠራ፤ ጉድጓዱ የእሱ አይደል?»

አያ ሞላ በማግስቱ መሮና መዶሻቸውን ሳይዙ መጡ፤ ይህ ራሱ መልስ ነበር። በትራቸውን ተደግፈው ዛፉን ዞሩት።

«የእኔ ጉድጓድ ዛፍ ገደለ ልትይኝ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አያ ሞላ። ጉድጓዱ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው።»

«ይሄ ስድብ ነው ምርቃት?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ላዩ ደርቋል፤ ታቹ ግን ውሃው የሚሄድበት የለውም» አልኩ፣ ለአፈሩ እንጂ ለእርሳቸው ሳልናገር። «ከግድግዳው ጥግ እስከ ታች ቀጭን ጉድጓድ እንቆፍርና እስከ ነገ እንተወው። ደረቅ ሆኖ ካደረ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ወደ አገሬ እሄዳለሁ።» ይህን የመጨረሻውን አላሰብኩትም ነበር፤ አፌ ራሱ ነው ያመጣው። እትዬ አልጋነሽ ቀና ብለው አዩኝ።

ቆፈርን። ያን ቀን ማንም ሰው ውሃ አላፈሰሰም፤ እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው የመጣችውን ሴት ሁሉ «ዛሬ ጸሎቱን ደረቁን አድርሺው» እያሉ መለሱ። በማግስቱ ጧት ቀጭኑ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቆሞ ነበር፤ ሰማዩ ይታይበታል። አያ ሞላ ተንበርክከው ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን የእርሳቸውን ጀርባ ሳይ አልቻልኩም። በመጨረሻ፣ «የቀድሞዎቹ ድንጋይ ሲፈለፍሉ አስቀድመው የዝናቡን መውጫ ነው የሚያስቡት። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ቦይ ለዚያ ነው። ዕድሜ ልኬን እያየሁት…» አሉና ተነሱ። «ውሃ ማጣታችንን ብቻ አሰብኩ። መሮዬን አመጣለሁ።»

ግቢያችን እርከን ነው፤ ከታች በኩል ድንጋዩ ፊቱን ወደ ጓሮ መንገዱ ሰጥቶ ይታያል። አያ ሞላ ከዚያ በኩል ተነሥተው ወደ ጉድጓዱ ሥር ይፈለፍሉ ጀመር። እያንዳንዱ የመዶሻ ምት ዛፉን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያለችው ጥቂት ቅጠል ትረግፋለች። እትዬ አልጋነሽ ጀርባቸውን ሰጥተው ምስር ይለቅማሉ፤ በየምቱ ትከሻቸው ይዘላል። መሮው ሥር ቢቆርጥስ? ድንጋዩ ቢሰነጠቅስ? ድንገት የመሮው ድምፅ ተለወጠ፤ ድፍን የነበረው ክፍት ሆነ። አያ ሞላ ወደ ኋላ ዘለሉ። ጥቁር ውሃ እየገማ ወጣ፤ ቀዩን ድንጋይ አጥቁሮ ጓሮ መንገዱን ይዞ ወረደ። በረሃብ ዘመን እህል ሲደፋ የሚያዩ ይመስል ሴቶቹ ከየበራቸው ወጥተው አዩት። ያ ሁሉ የተሸከሙት ውሃ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከሁሉ የከፋ ነው፤ መጠበቅ። ዛፉ የቀሩትን ቅጠሎች በሙሉ አራገፈ፤ እርቃኑን ዱላ ሆኖ ቆመ። ማጠጣት የለብንም፤ የታመመ ሥር አየር ይፈልጋል ብያለሁ፤ ይህንን ከአባቴ ገብስ በቀር የሚመሰክርልኝ የለም። እትዬ አልጋነሽ አያናግሩኝም። ወሬም የለም። ከዕለታት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የበር ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። እትዬ አልጋነሽ ባዶ እግራቸውን፣ ሙሉ ጆግ ይዘው፣ ዛፉ ሥር ጎንበስ ብለዋል። ሮጬ የጆጉን ጠርዝ ያዝኩት። እርሳቸው እጀታውን አልለቀቁም። ውሃው እየተንቀጠቀጠ በመካከላችን ቆመ። ከእኔ ጋር የሚታገሉት ሴት እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ እንጀራዬ በእጃቸው ያለ ሰው ናቸው። ብለቅ ዛፉ ያልቅለታል፤ ባልለቅ እኔ።

«እትዬ» አልኳቸው፤ «እባክዎ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉኝ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት አልሰማሁትም። «እጄ ምን ይሥራ? ንገሪኝ እስቲ። ልጄ የለ፤ አላለቅስ፤ አላጠጣ። እጄ ምን ይሥራ?»

ጆጉን ቀስ ብዬ ወሰድኩና መሬት አስቀመጥኩት። እጃቸውን ያዝኩ፤ የማንንም እጅ እንዲያ ይዤ አላውቅም። ሌባ ጣታቸውን ወደ አፈሩ አስገባሁት፣ ቅርፊቱን አልፎ፣ እስከ ጣቱ ሥር። «ምን ይላል?» አልኩ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ነው።» «እንግዲያው ገና ነው። በየጧቱ እርስዎ ይዩልኝ። ጣትዎ ደረቅ ሆኖ የወጣ ቀን እናጠጣዋለን።» ጣታቸውን ቶሎ አላወጡትም። አጠገባቸው ቆየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የእርሳቸው ሆነ። ጧት ይወጣሉ፣ ጣታቸውን ይሰዳሉ፣ ወደ ማድ ቤት መለስ ብለው «ገና ነው» ይሉኛል። ሴቶቹም ስለ ሀብታሙ ወሬ ሲጠይቋቸው ያንኑ ይመልሳሉ፤ «ገና ነው»። ድምፃቸው ግን ተረጋግቶ ነበር። አንድ ጧት፣ «ደብሬ፣ ነይ፣ ደረቅ ነው» ብለው ጠሩኝ። አንድ ጆግ ብቻ፣ ቀስ እያደረጉ፣ ግንዱን ሳያስነኩ ዙሪያውን አጠጡት። አያ ሞላ ከታች በቦዩ አፍ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። «መጣ» አሉ፤ «ንጹሕ ነው።» ከዚያም ወዲያው ከቦዩ አፍ በታች ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ፈልፍለው ጤናዳም ተከሉበት። «ጠብታ አይባክንም ብያለሁ» አሉ፣ እትዬ ዘይነባን በጎን እያዩ። ዛፉ ከላይ ሞቶ ነበር። ከጉልበቴ በታች ግን፣ ማንም በማያይበት በኩል፣ ቀይ ጫፍ አወጣ። እትዬ አልጋነሽ አይተውት እልል አላሉም። በጣታቸው ነካ አድርገውት፣ «አንተ ዛፍ ነህ» አሉት፤ «ልጄ ልጄ ነው።» ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዛፉን ሳያዩም ይበሉ ነበር።

ሀብታሙ መጣ። መንገዱ ተከፍቶ፣ ሰውም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ በሰው መኪና ላይ መጣ። ልብሱ የእሱ አልነበረም፤ ሰፋ ብሎት ይንጠለጠላል። እናቱን አቀፈ፤ እትዬ አልጋነሽ ያን ሁሉ ጊዜ የያዙትን እንባ ያን ጊዜ አለቀሱ። እሱ ግን ክፍሉ ገብቶ ተኛ፤ አያወራም፣ ምግብ በግድ ነው የሚቀምሰው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችንን ሞላ። ዶሮ የያዘ፣ ጠላ የያዘ፣ ጥያቄ የያዘ። የት ነበርክ፣ ምን አየህ፣ ማን ነካህ። እትዬ አልጋነሽ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«ይብቃው» አሉ። «ዛሬ አትጨምሩበት።»

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ አዩና ሴቶቹን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ እትዬ አልጋነሽ በየጧቱ የልጃቸውን በር ቀስ ብለው ይከፍታሉ፤ ግንባሩን በእጃቸው ነካ ያደርጋሉ፤ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ይወጡና ማድ ቤት መጥተው «ገና ነው» ይሉኛል። ስንት ጊዜ እንዳሉኝ አላውቅም። አንድ ጧት ግን የክፍሉ በር ከውስጥ ተከፈተ። ሀብታሙ ወጥቶ ወደ ዛፉ ሄደ፤ የሞተውን ግንድና ከሥሩ የወጣውን አዲስ ቅርንጫፍ አየ፤ ጎንበስ ብሎ የአያ ሞላን ቦይ በእጁ ዳሰሰ። እናቱ ጧት ጧት የሚያደርጉትን በመስኮት ሲያይ ኖሮ፣ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ።

«እማ» አለ፤ «ደረቅ ነው።»

እትዬ አልጋነሽ ጆጉን አመጡለት። አላፈሱለትም፤ በእጁ ሰጡት። እሱ ሲያጠጣ እኛ ሁለታችን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመን ነበር፤ እጄ ከእጅጌዬ ውጭ እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው።

ጎረቤቴ አሁንም ትጠብቀኝ ነበር። ጀሪካኑን በጎኑ አጋድሜ ሥሩን በምስማር በሳሳሁት። «ውሃው ይፈስብኛል እኮ» አለች፣ እየደነገጠች። ውሃ የሚሸመትበት አገር ስለሆነ አልፈረድኩባትም። ጥቁሩ ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ አብረን አየነው። ከዚያ፣ «መቼ ላጠጣው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጣትሽን ስጪኝ» አልኳት።